የጆኒ ብራይት የሕይወት ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ስፖርተኛና አስተማሪ ታሪክ ነው። ስሙ ጆኒ ብራይት ይባላል። በአሜሪካና በካናዳ የስፖርት ወዳጆች ዘንድ ስሙ የታወቀ ቢሆንም በእኛ ተማሪዎች መካከል እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ታሪኩን የመረጥነው ስለ ጕልበቱና ስለ ሩጫው ብቻ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተማሪው ክብር ሲል ያደረገው፥ አንድ ሌላ ኮሌጅ ደግሞ ማድረግ ሲገባው ሳያደርገው የቀረው ነገር በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ አብሮ ስለሚገኝ ነው። ከሁለቱም አንዱ ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ ይህንንም በቦታው እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ጆኒ ብራይት ጁን 11 ቀን 1930 በኢንዲያና ግዛት በፎርት ዌይን ከተማ ተወለደ። ዘመኑ በአሜሪካ የሥራ ማጣትና የድህነት ዘመን ነበረ። ከአምስት ወንድማማች ሁለተኛው ልጅ ሲሆን፥ ያሳደጉት እናቱና የእንጀራ አባቱ ናቸው። የኖሩበት ሰፈር አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር የሆነበት የሠራተኞች ሰፈር ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በዚያው ከተማ በሴንትራል ትምህርት ቤት ተማረ። እዚያም ሳለ በአንድ ጨዋታ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በአሜሪካ እግር ኳስ፥ በቅርጫት ኳስና በአትሌቲክስ ሦስቱንም እያፈራረቀ ይጫወት ነበር። በእግር ኳስ ትምህርት ቤቱን ለከተማይቱ አሸናፊነት አበቃ፤ በቅርጫት ኳስም ቡድኑ ሁለት ጊዜ ከኢንዲያና አራት የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ እንዲሆን ረዳ። በ1947 ትምህርቱን ሲጨርስ ግን ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ ላይ ቆመው አልጠበቁትም። በመጀመሪያ ወደ ሚሺጋን ስቴት ሊሄድ አስቦ ነበር፤ ነገሩ ደስ ስላላሰኘው ተወውና በአትሌቲክስ ነጻ ትምህርት አግኝቶ በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ወደሚገኘው ወደ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ድሬክ በ1881 የተመሠረተ፥ የመንግሥት ያልሆነና በተማሪው ቍጥር ትንሽ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእግር ኳሱን ቡድን እንዲሞክር ፈቃድ ያገኘውም በአትሌቲክስ ከገባ በኋላ ነበር።

ስለ ጨዋታው ጥቂት

አንባቢ የሚከተለውን ነገር በሚገባ ይከታተል ዘንድ ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ክብ አይደለም፤ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ እንቍላል መሳይ ነው። የሚበዛው ጨዋታም በእጅ ነው። ከአንዱ የግብ መሥመር እስከ ሌላው 100 ያርድ ይሆናል፤ አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል። በየወገኑ አሥራ አንድ ተጫዋች ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ ያን ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ወደ ፊት የሚሄደውም ኳሱን ይዞ በመሮጥ ወይም ለጓደኛ በመወርወር ነው። ኳሱን የያዘውን ሰው ተቃራኒው ወገን እየተጋጨ ሊጥለው ይፈቀድለታል። ኳሱን ለሌላ ሰጥቶ ቆሞ የሚመለከትን ሰው በክርን ፊቱን መምታት ግን በማናቸውም ደንብ የተከለከለ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ጆኒ ብራይት ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ሁለቱንም ሥራ እኩል መሥራቱ ነበር። ይዞ ሲሮጥ የሚይዘው አይገኝም፤ ሲወረውርም አይስትም። ስለዚህ ባላጋራዎቹ እርሱን ለመጠበቅ ሲያስቡ የትኛውን እንደሚያደርግ አስቀድመው ማወቅ አይችሉም ነበር።

በድሬክ ያሳለፋቸው ዓመታት

በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናው ቡድን ጋራ ሲሰለፍ 975 ያርድ ሮጦ፥ 975 ያርድ ደግሞ ወርውሮ በጠቅላላው 1,950 ያርድ አስቈጠረ። ይህም በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ኮሌጆች ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ አደረገው። ሁለቱ ቍጥሮች እንዲህ እኩል ለእኩል መሆናቸው ስለ ችሎታው ከብዙ ቃል ይበልጥ ይናገራል። በሚከተለው ዓመት በ1950 ደግሞ 1,232 ያርድ በሩጫ፥ 1,168 ያርድ በውርወራ፥ በጠቅላላው 2,400 ያርድ አስቈጥሮ እስከዚያ ድረስ ማንም ኮሌጅ ተጫዋች ያላደረሰውን ልክ አደረሰ። ቡድኑም በሁለቱም ዓመታት ስድስት ጊዜ እያሸነፈ፥ ሁለት ጊዜ ብቻ እየተሸነፈና አንድ ጊዜ አቻ እየወጣ ጨረሰ። የቡድኑ አሠልጣኝ ዋረን ጌር የሚባል ሰው ነበር።

የሦስተኛው ዓመት ማለትም የ1951 ውድድር ሲከፈት የድሬክ ተማሪዎች ያላቸው ተስፋ ትልቅ ነበር። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ያገኛሉ ተብለው ከሚገመቱት መካከል የጆኒ ብራይት ስም በጋዜጦች ሁሉ ይጻፍ ጀመር። ድሬክ የመጀመሪያዎቹን አምስት ግጥሚያዎች በተከታታይ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ብራይት በሩጫ 821 ያርድ፥ በጠቅላላው 1,349 ያርድ አስቈጥሮ ከአገሪቱ ተጫዋቾች ሁሉ በፊት ይገኝ ነበር። ስድስተኛው ግጥሚያ ኦክቶበር 20 ቀን በኦክላሆማ ግዛት በስቲልዋተር ከተማ ከኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ጋራ ነበረ።

ኦክላሆማ በዚያ ዘመን

ኦክላሆማ በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማር በሕግ የሚከለከልበት ግዛት ነበረ። በ1948 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲፑኤል የምትባል ጥቁር ሴት የሕግ ትምህርት የማግኘት መብት እንዳላት ለኦክላሆማ ባለ ሥልጣኖች አዘዘ። በ1950 ደግሞ ማክሎሪን የሚባል ጥቁር ተማሪ ነገር ለዚያው ፍርድ ቤት ቀረበ። ይህ ሰው ራሱ መምህር የነበረና ዕድሜው የገፋ ነው፤ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ትምህርት እንዲማር ተቀብሎት ሳለ ከነጮቹ ተለይቶ ለብቻው እንዲቀመጥ፥ በቤተ መጻሕፍትና በምግብ ቤትም ለብቻው ጠረጴዛ እንዲኖረው አድርጎት ነበር። ፍርድ ቤቱም ይህ ሥራ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈረደ። በስቲልዋተር የሚገኘው ኮሌጅም ጥቁር ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1949 ነው። በዚያው ዓመት ብራይት ከድሬክ ጋራ ወደዚያ ሄዶ በሜዳው ላይ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በዚያን ጊዜ ክፉ ነገር አልደረሰበትም። ነገር ግን በ1949 ብዙ ሰው የማያውቀው ልጅ ነበር፤ በ1951 ሲመለስ ስሙ በመላው አገር የታወቀ፥ ያለ እርሱም ድሬክ የማያሸንፍ ሰው ሆኖ ነበር።

ከግጥሚያው በፊት በከተማይቱ ወሬ ይነዛ ጀመር። የኮሌጁ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ጋዜጣም፥ የከተማይቱም ጋዜጣ ጆኒ ብራይት ዒላማ መሆኑን ጻፉ። አንዳንድ ተማሪዎች ጨዋታው ሲያልቅ ሰውዬው በሜዳው ላይ እንደማይገኝ በግልጥ ይናገሩ ነበር። እኛ የተማሪ ጽሑፍ የምናዘጋጅና የምናነብ ሰዎች ይህን ነገር ስንሰማ ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። በአንድ ሰው ላይ የታሰበው ነገር በወረቀት ታትሞ በእጅ ይዞር ነበር፤ ሊያስቆመው ሥልጣን ከነበረው ወገን ግን የሚያስቆመው አልተገኘም።

የኦክቶበር 20 ቀን ግጥሚያ

ጨዋታው በተጀመረ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ጆኒ ብራይት ሦስት ጊዜ ተመትቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሦስት ጊዜም የመታው አንድ ሰው ነው፤ ይኸውም ዊልባንክስ ስሚዝ የሚባል የኦክላሆማ ተጫዋች ነበር። ብራይት ኳሱን ለጓደኛው ለጂን ማኮምበር አስረክቦ፥ ጨዋታው ወደ ሌላ ወገን ሄዶ ሳለ፥ እርሱ ባዶ እጁን ቆሞ ሲመለከት ስሚዝ ደርሶ በክርኑ ፊቱን መታው። መንጋጋው ተሰበረ። በዳኞቹ በኩል የተሰጠ ቅጣት አልነበረም።

ብራይት መንጋጋው ተሰብሮ ሳለ ተነሥቶ እንደ ገና ተሰለፈ። ጥቂት ቈይቶም ለጂም ፒልኪንግተን የ61 ያርድ ኳስ ወረወረለት፤ እርሱም ይዞ ግብ ገባ። ከዚህ በኋላ ሕመሙ ስለ በረታበት ከሜዳ ወጣ። በዚያ ቀን ያስቈጠረው 14 ያርድ በሩጫ፥ 61 ያርድ በውርወራ፥ በጠቅላላው 75 ያርድ ብቻ ነው። በኮሌጅ ዘመኑ ከመቶ ያርድ በታች ሲያስቈጥር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ድሬክም 27 ለ14 ተሸነፈ።

ነገሩ በዚህ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ወገን ቃል ከሌላው ወገን ቃል ጋራ እየተጋጨ በቀረ ነበር። ዳሩ ግን ዶን ኡልታንግና ጆን ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች ከዴ ሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ ተልከው መጥተው ነበር። ወሬውን ሰምተው ስለ ነበረ አንዱን ካሜራ በብራይት ላይ ብቻ እንዲያነጣጥር አድርገው አዘጋጁት። ጋዜጣው እንዳያመልጣቸው ወደ አዮዋ ቶሎ መመለስ ስለ ነበረባቸው የጨዋታውን መጀመሪያ ክፍል ብቻ አንሥተው ሄዱ፤ ይፈለግ የነበረውም ነገር ሁሉ በዚያ ክፍል ተፈጽሞ ነበር። ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲታዩ ኳሱ የት እንደ ነበረ፥ ብራይት የት እንደ ቆመ፥ ስሚዝ ከየት ተነሥቶ ወደ ማን እንደ ሄደ ያለ አስረጂ ያስረዳሉ። በማግሥቱ እሑድ ጋዜጣው አወጣቸው፤ ከዚያም ላይፍ የተባለው መጽሔት አትሞ በመላው አሜሪካ አሠራጫቸው። በ1952 ሁለቱ ሰዎች ስለዚህ ሥራቸው የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበሉ።

ሁለቱ ኮሌጆች ምን አደረጉ?

እንግዲህ ለእኛ ለተማሪዎች ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። አንድ ተጫዋች በቁጣም ሆነ በጥላቻ ሌላውን ቢመታ ጥፋቱ የአንድ ሰው ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን የኮሌጅ ሥራ ነው።

በስቲልዋተር ያለው ኮሌጅ ጥፋት አልተፈጸመም አለ። ሥዕሎቹ ከታተሙ በኋላ እንኳ ኮሌጁን ይመሩ የነበሩት ሰው ኦሊቨር ዊልሃም ይህንኑ ክሕደት አልለወጡም። በስሚዝ ላይ የተፈጸመ ቅጣት የለም። ሁለቱም ኮሌጆች አባል የነበሩበት የሚዙሪ ቫሊ የኮሌጆች ማኅበርም ነገሩን መርምሮ ፍርድ ለመስጠት አልፈቀደም። ስሚዝ ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት ሲጠየቅ ምቱ በቀለም ምክንያት የተደረገ አይደለም እያለ ይከራከር ነበር። ብራይት ግን በ1980 ስለዚሁ ሲጠየቅ ከቀለም ጥላቻ ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም ብሎ እንደሚያምን ገልጧል።

ድሬክ በበኩሉ ከማኅበሩ ፍርድ እንደማያገኝ ባወቀ ጊዜ ከማኅበሩ ወጣ። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። የአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚጋጠማቸውን ባላጋራዎች፥ የሚያገኘውን ስምና ገንዘብ ሁሉ የሚያገኘው በማኅበሩ በኩል ነው። ድሬክ ይህን ሁሉ ስለ አንድ ተማሪ መንጋጋ ለቀቀ። ለሌሎቹ ስፖርቶች ወደ ማኅበሩ የተመለሰው በ1956 ነው፤ በእግር ኳስ ግን እስከ 1971 ድረስ አልተመለሰም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የብራድሊ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። የተመታው የብራድሊ ተማሪ አልነበረም፤ ጠቡም የእርሱ ጠብ አልነበረም። ነገር ግን ከድሬክ ጋራ አብሮ ወጣ። በ1955 ለሌሎቹ ስፖርቶች ሲመለስ በእግር ኳስ ግን ወደዚያ ማኅበር ዳግመኛ አልገባም።

በዚሁ በ1951 ዓ.ም. በካሊፎርኒያም የዚህ ወንድም የሚሆን ነገር ተደረገ። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኝ ጊዜ አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ በሚደረጉት ታላላቅ ግጥሚያዎች ላይ ለመጠራት ግን ኦሊ ማትሰንና በርል ቶለር የተባሉትን ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ትቶ መምጣት እንዳለበት ተነገረው። ተጫዋቾቹ በአንድ ቃል እምቢ አሉ። ያለ እነዚህ ሁለት ልጆች አንሄድም ብለው በቤታቸው ቀሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ወጪውን መቻል ስላቃተው ከዚያ ዓመት በኋላ ያንን ቡድን ዘጋው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ አላወቀም ነበርና አይፈረድበትም የሚለው ምክንያት ብዙም አያስኬድም። ያወቁ ነበሩ፤ አውቀውም ኪሳራውን ተቀበሉ።

የስቲልዋተር ኮሌጅና ኢትዮጵያ

ከላይ እንደ ጠቀስነው ይህ የኦክላሆማ ኮሌጅ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋግረው ነበር። ከዚያ በኋላ ፖይንት ፎር የተባለውን የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ እንዲመሩ ተሾሙ። ብራይት በተመታበት ጊዜ በዚሁ በአዲሱ ሥራቸው ላይ ነበሩ፤ ሁለት ወር ቈይቶም በዲሴምበር 1951 በኢራን አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የጀመሩት ነገር ግን አልቀረም። በ1952 በኢትዮጵያ መንግሥትና በዚህ ኮሌጅ መካከል ስምምነት ተፈረመ። የኮሌጁ መምህራንም መጥተው በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፥ ከዚያም በሐረርጌ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ። ሥራቸውም እስከ 1968 ድረስ ቈየ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይኸው ነው። በጁን 1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ስቲልዋተርን ጐብኝተዋል።

ይህ ማለት አንድ ኮሌጅ በአንድ ዘመን ለሩቅ አገር ጥቁር ልጆች ኮሌጅ ሲሠራ፥ በገዛ ሜዳው ላይ የተደበደበውን ጥቁር ልጅ ግን አላየሁም ይል ነበር ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የተደረገልንን ውለታ ልንክድ የፈለግን ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ዓለማያ ላይ የተደረገው መልካም ሥራ እውነት ነው፤ ከዚያ ወጥተው አገራቸውን ያገለገሉት ሰዎች ምስክሮች ናቸው። ስቲልዋተር ላይ የተካደውም እውነት ነው። ውለታን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ውለታ ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የተማረ ሰው ሁለቱን ለይቶ መያዝ ካልቻለ የበላበትን ወጭት ሰባሪ እንዳይባል ሲፈራ የእውነትን ወጭት ሰብሮ ይገኛል።

ወደ ካናዳ መሄዱ

የብራይት መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ቈየ። በቀሩት ግጥሚያዎች እንደ ልቡ መጫወት አልቻለም፤ ቢሆንም ድሬክ ዓመቱን ሰባት ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ጨረሰ። ለሃይዝማን ሽልማት በተሰጠው ድምፅ ብራይት አምስተኛ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ወደ 6,000 የሚጠጋ ያርድ አስቈጥሮ በ1952 በመምህርነት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ።

በዚያው ዓመት የፊላዴልፊያ ቡድን በመጀመሪያው ዙር ምርጫ መረጠው። ይህ ለአንድ የኮሌጅ ተጫዋች ትልቅ ክብርና ትልቅ ገንዘብ ማለት ነው። ብራይት ግን አልሄደም። ወደዚያ ውድድር ከደቡብ የሚመጡ ተጫዋቾች እየበዙ መሄዳቸውን አይቶ ምን ዓይነት አቀባበል እንደሚጠብቀው እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ስለዚህ ወደ ሰሜን ተሻግሮ ካናዳ ገባና ከካልጋሪ ቡድን ጋራ ተዋዋለ። በመጀመሪያው ዓመት 815 ያርድ ሮጦ በምዕራብ ካናዳ ከነበሩት ሯጮች አንደኛ ሆነ። ቀጥሎ ግን በደረሰበት ጕዳት ምክንያት ሥራው ቀዘቀዘ፤ በ1954 ዓ.ም. በውድድሩ መካከል የካልጋሪ ሰዎች ለኤድመንተን ቡድን አሳልፈው ሰጡት።

ኤድመንተን የሕይወቱ ሁለተኛ አገር ሆነች። ቡድኑ በ1954፥ በ1955ና በ1956 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የካናዳን ታላቅ ዋንጫ ግሬይ ካፕን ወሰደ፤ ሦስቱንም ጊዜ የተሸነፈው የሞንትሪያል ቡድን ነው። በ1956ቱ የዋንጫ ግጥሚያ ብራይት ብቻውን 171 ያርድ ሮጠ፤ ይህም ልክ እስከ 2013 ድረስ በዋንጫ ግጥሚያ ላይ የበለጠው አልተገኘም። በ1957፥ በ1958ና በ1959 በተከታታይ ከሊጉ ሯጮች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በ1959 የካናዳ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ነው። በ1964 ጨዋታ ሲያቆም በድምሩ 10,909 ያርድ ሮጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በካናዳ ሊግ ታሪክ ይህን ያህል የሮጠ ሌላ ሰው አልነበረም። በ197 ተከታታይ ግጥሚያዎችም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀር ተሰልፏል። መንጋጋው ስለ ተሰበረ የሚፈራ ወይም የሚሸሽ ሰው ይሆናል ብሎ የጠረጠረ ቢኖር ይህ ቍጥር መልስ ይሆነዋል።

አስተማሪው ጆኒ ብራይት

ብራይት በካናዳ ሳለ ከአሜሪካ ቡድኖች ጥሪ ደጋግሞ መጥቶለታል። ሳይቀበለው የቀረው ስለ ጥንቱ ቂም ብቻ አልነበረም። በኤድመንተን የማስተማር ሥራ ጀምሮ ነበርና ያንን መተው አልፈለገም። በድሬክ የተማረው ትምህርት ለጌጥ የተቀመጠ አልነበረም፤ ቀን በክፍል ውስጥ ያስተምራል፥ ከዚያም ወደ ልምምድ ይሄዳል። በ1962 የካናዳ ዜግነት ተቀበለ። ኳሱን ካቆመ በኋላም አስተማሪነቱን ቀጠለ፤ የተማሪ ቡድኖችን ያሠለጥን ነበር፤ በመጨረሻም በኤድመንተን የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዲሬክተር ሆነ።

በስፖርት ስማቸው የገነነ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጕልበታቸው ሲያልቅ ስማቸውን እየሸጡ ይኖራሉ። ይህ ሰው ግን ገና በወጣትነቱ ለሁለተኛው ሕይወቱ ተዘጋጅቶ ስለ ነበር ጕልበቱ ሲያልቅ የሚያደርገውን አላጣም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን በአንድ በኩል ስፖርቱን፥ በሌላ በኩል ትምህርቱን ለምንይዝ ሰዎች ከሩጫው ይልቅ ይህ የሚጠቅም ምሳሌ ይመስለናል። ስለ 1951ዱ ነገር ሲጠየቅም ቂም ይዞ የሚናገር አልነበረም። ያ ድርጊት የኮሌጅ ስፖርት ራሱን እንዲመረምር እንዳደረገው ያምን ነበር። ከዚያ በኋላም የኮሌጆቹ የስፖርት ደንብ ስለ ሕገ ወጥ ምት እየጠበቀ፥ ፊትን የሚከልለው የራስ ቍርም እየተለመደ ሄዷል።

ዲሴምበር 14 ቀን 1983 በኤድመንተን በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል በጨዋታ ዘመኑ የተጐዳ ጕልበቱን ሊታከም ገብቶ በቀዶ ጥገናው ላይ ሳለ ልቡ ቆመ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። ሚስትና አራት ልጆች ትቶ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው በኤድመንተን ነው።

ከሞተ በኋላ

በ1970 በሕይወት ሳለ ስሙ በካናዳ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በሞተ በዓመቱ በ1984 ደግሞ በአሜሪካ የኮሌጅ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ገባ። የለበሰውን 43 ቍጥር ድሬክ ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ አድርጎ በክብር አስቀመጠው። በ2006 ዩኒቨርሲቲው የኳስ ሜዳውን በጆኒ ብራይት ስም ሰየመው፤ በ2021ም በስሙ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከፈተ። ኤድመንተንም በ2010 አንድ ትምህርት ቤት በስሙ ከፍታ ልጆች ይማሩበታል።

ከስቲልዋተርስ ምን መጣ? ኮሌጁ በ1957 ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ስሙ ተለውጧል። በሴፕቴምበር 2005 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዴቪድ ሽሚድሊ ለድሬክ ፕሬዚዳንት ለዴቪድ ማክስዌል ደብዳቤ ጽፈው በ1951 ስለ ተደረገው ነገር ዩኒቨርሲቲያቸው ይቅርታ እንደሚጠይቅ አስታወቁ። ይህን የጻፉት ሰው ከድርጊቱም ከክሕደቱም እጃቸው ንጹሕ ነበር፤ ሆኖም የወንበሩን ዕዳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መክፈል አለበት ብለው ከፈሉ። ስለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ደብዳቤው ሲጻፍ ግን ምቱ ከተፈጸመ 54 ዓመት፥ ጆኒ ብራይት ከተቀበረም 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ሥዕሎቹ ታትመው የወጡት ጨዋታው በተደረገ በማግሥቱ ነው። እውነቱ በአንድ ሌሊት ታወቀ፤ እውነቱን ለማመን ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ ፈጀ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለእያንዳንዱ አንባቢ የተተወ ነው። እኛ በበኩላችን አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። ዩኒቨርሲቲ ስንል ሕንጻውን ወይም ሹማምንቱን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በውስጡ ያለን ተማሪዎችም ጭምር ዩኒቨርሲቲው ነን። በስቲልዋተር አስቀድመው ያወሩት ተማሪዎች ነበሩ፤ በሳን ፍራንሲስኮ እምቢ ያሉትም ተማሪዎች ነበሩ። ዘመናቸው አንድ ነው፥ ዕድሜያቸውም እኩል ነው፥ የሚጫወቱትም ጨዋታ አንድ ነው። ከሁለቱ ወገን የትኛውን እንደምንመስል የሚታወቀው እንዲህ ያለ ነገር በመካከላችን በደረሰ ቀን ስለ ሆነ፥ ከዚያ ቀን በፊት ልናስብበት ይገባናል።